ይሄን ሳንቲም ማን ይቆጥራል?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

እቴ፣ ስልክሽ ዛሬም ጮኸ። እማዬ ለተዝካርሽ ምስር እየለቀመች ነበር፤ እጇ ሰፌዱ ላይ ደርቆ ቀረ። «ማነው?» አለችኝ፤ አንቺ ከውጭ ገብተሽ የምታነሺው ይመስል። ማንም አይደለም አልኋት። ደሴ ያለ የድሮ የክፍል ጓደኛሽ ብር ልኮልሽ ነው። «ለትርንጎ፣ ነፍስ ይማር» ይላል። ነፍስሽን እንዲምርልሽ ብሩን ለራስሽ ላከልሽ።

ከቀብርሽ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ለቅሶ የመጣ ሁሉ አባዬን አቅፎ ያለቅስና፣ አፍንጫውን ጠርጎ፣ «በስልክ ልኬአለሁ» ይላል። በማን ስልክ? ሰው የሚያውቀው ያንቺን ቁጥር ነው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ካንቺ ጧፍ ሲገዛ፣ ዝርዝር ሲወስድ የያዘውን ቁጥር። ስልክሽ የሚከፈተው ደግሞ በጣትሽ ነው። ጣትሽን ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን አፈር አልብሰን ተመለስን። ብሩ ይገባል፣ ይገባል፤ የሚያወጣው የለም። አባዬ የወራሽነት ወረቀት ጠየቀ፤ ፍርድ ቤት፣ ምስክር፣ ቀጠሮ አሉት። የላከው ሰው ግን ግዴታውን ተወጥቷል፤ የመላኪያውን መልእክት ከፍቶ ማንበብ ለማትችል እናት አሳይቷል። ቱ!

ከሰዓት አከራያችን እትዬ ዘውዴ በሩ ላይ ቆሙ።

«ሲሳይዬ፣ የሁለት ወር ኪራይ ምን ዋጠው?»

«ስልኳ ውስጥ ነው እትዬ፤ አይከፈትም።»

«እኔ እንደሁ ጥሬ ብር አልይዝም። ልጄ ከአዲስ አበባ ሆኖ ነው የሚቆጣጠረው፤ በስልክ ይግባልኝ።»

«ከየት አምጥተን?»

«ኧረ እኔስ ለለቅሶው ልኬ የለ? ከሱ ላይ ክፈሉኛ!»

አልሳቁም። ከልባቸው ነው። እስከ እሑድ ካልከፈልን ክፍሉን ለገና እንግዳ ያከራዩታል። የሦስት ሌሊት ተሳላሚ ከእኛ ስድስት ወር ይበልጣል አሉ። እውነታቸውን ነው። እውነት መሆኑ የባሰ ያስጠላል።

አባዬ ሁሉንም ከውስጥ ሰማ። «በቃ» አለ። «እሑድ አርባዋን አውጥተን ሰኞ ወደ ቤት ነው። ገብሱ ሳይወቃ ነው የመጣሁት፤ እጅህ ያስፈልገኛል።» ትምህርቴስ አላልሁም። ከፍላቂት ወዲያ ባለው ቀበሌያችን ትምህርት ቤቱ ስምንተኛ ላይ ያበቃል። እኔን አምጥተሽ እዚህ ላሊበላ ያስቀመጥሽኝ ለዚያ ነበር። ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ነኝ። አባዬም ያውቃል። ለዚህ ነው ዓይኔን ሳያይ የተናገረው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 15

ከአልጋሽ ሥር ያለውን የሳንቲም ቆርቆሮ አወጣሁ። እንዳስቀመጥሽው ሙሉ ነው። ዓይን እንዳይበዛበት በነጠላሽ ሸፍኜ ተሸከምሁት። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ስልክ ላይ ብር ወደሚያስገባው ሱቅ ሄጄ ሳንቲሙን ልሰጠው፣ እሱ ለእትዬ ዘውዴ ሊልክልኝ።

ባለሱቁ ክዳኑን ከፍቶ የሞተ አይጥ ያየ ያህል ፊቱን አዞረ። «ሳንቲም? ይሄን ተቀብዬ ማን ላይ ልድፋው?»

«ብር እኮ ነው ጋሼ።»

«ብር ነው። ከባድ ብር።»

ባንክ ሄድሁ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ከረባት አስሯል። ለገና ሰው በዝቷል፣ የሚቆጥር የለንም፣ ከበዓል በኋላ ና አለኝ። ከበዓል በኋላ እኔ አውድማ ላይ በሬ እየነዳሁ ነው። ይሄን አልነገርሁትም። ትከሻዬ እስከ አሁን ያመኛል።

አንቺ ይሄን ሁሉ ሳንቲም ማን ላይ እንደምትደፊ ታውቂ ነበር። ጠዋት ተሳላሚው ለየኔ ቢጤዎቹ የሚሰጠው ሲያጣ መቶ ብር ይሰጥሽና ዘጠና አምስት በሳንቲም ይወስዳል። ማታ የኔ ቢጤዎቹ የለቀሙትን ሳንቲም ላንቺ ያመጣሉ፤ ሱቅ አይቀበላቸውማ፤ አንቺ አንድም ሳትቀንሺ በወረቀት ትለውጭላቸዋለሽ። በነጋታው ያው ሳንቲም ተመልሶ ይወጣል። አንዱን ሳንቲም በሳምንት ስንት ጊዜ እንደያዝሽው እንጃ። አንዳንዱ ፊቱ አልቋል።

ትምህርት ቤት ደግሞ ሌላ ጉድ። የሥነ ዜጋ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ጻፈ፦ «ለዕለት ኑሮ ጥሬ ገንዘብ አሁንም ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?» ዓርብ ክርክር ነው። በዕጣ «አያስፈልግም» ደረሰኝ። የክፍላችን ልጅ ታድሎ ከኋላዬ ሆኖ፣ «ለሱማ ምን ይቸግረዋል፣ ስልክ ሙሉ ብር አለው አሉ!» አለ። የሳቁትን አየኋቸው። አልረሳቸውም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16

ከትምህርት ቤት ስወጣ በቤተ መድኃኔ ዓለም በር በኩል ዞርሁ። ጧፍሽን ይዘሽ የምትቀመጪባት ድንጋይ ባዶ ናት። ማንም አልተቀመጠባትም፤ ጭራሽ አንድ ውሻ ተኝቶባታል።

ቀድመው የመጡ ተሳላሚዎች ከአውቶብስ ወረዱ። አንዲት ባለ ነጭ ቀሚስ ሴትዮ ዝርዝር ፈለጉ። ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ። ከዚያ አንድ ባለ ሁለት መቶ ብር ወረቀት አውጥተው ጥግ ላለው ዓይነ ስውር ሰጡና፣ «ተካፈሉት» ብለው ገቡ። ጫማቸውን እንኳ አውልቀው አልጨረሱም፣ ጠቡ ተነሣ። አንዱ «መቶ ነው» ይላል፣ አንዱ «ሁለት መቶ ነው» ይላል፣ ዓይነ ስውሩ ብሩን አፉ ውስጥ ከተተው። አዎ፣ አፉ ውስጥ። ሌላው ጉንጩን ይዞ ሊያስተፋው ታገለ። አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ሴትዮዋ ውስጥ ሆነው ግድግዳ እየሳሙ ነው፤ መጽውተዋል፤ ልባቸው ቀሏቸዋል።

እማሆይ ወለተ ኪዳን ከተለመደው ቦታቸው ሳይነሡ ጠሩኝ። ታስታውሻቸዋለሽ፣ ቢጫ ቆብ፣ መርፌ ምላስ።

«አንተ የትርንጎ ወንድም! ሞተች ብለህ ዘጋኸው?»

«ምኑን እማሆይ?»

«ምኑን ይለኛል! ባንኩን ነዋ!» የነጠላቸውን ጫፍ አነሡ። ቋጠሮው የሕፃን ራስ ያህላል። «ይኸው አርባ ቀን ሊሞላኝ ነው ሳንቲም ታቅፌ ስዞር። ዳቦ ቤቱ በሳንቲም አልሸጥም አለኝ። ብረት በልቼ ላድር ነው?»

ልንሄድ ነው አልኋቸው። ሰኞ አገር ቤት እገባለሁ፣ ገብስ እወቃለሁ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ገብሱስ ይበላል።»

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 17

ክርክሩ ሆነ። «ያስፈልጋል» ያሉት ቀድመው ተናገሩ። መብራት ይጠፋል አሉ፣ ኔትወርክ ይቋረጣል አሉ፣ አያቶቻችን ማንበብ አይችሉም አሉ። ደህና ተናገሩ። ወረቀታቸው ላይ ተሰምሮበታል።

የእኔ ተራ ሲደርስ ወረቀቴን አላወጣሁም። አያስፈልግም አልሁ። እህቴ ከሞተች ወዲህ በሕይወቷ ያላገኘችውን ያህል ብር ተልኮላታል አልሁ። በቁሟ ጧፍ ስትሸጥ «ቀንሽ» የሚሏት ሰዎች አሁን ሳይከራከሩ ይልኩላታል። ሬሳ ሳይቀር የሚቀበልበት ዘመን ላይ ደርሰን ጥሬ ገንዘብ ምን ያደርጋል? ችግር ያለው እኛ በቁማችን ያለነው ጋ ነው፤ እኛ ደግሞ ጥቂት ነን።

ከኋላ አንዱ መሳቅ ጀመረና ዋጠው። መምህሩ ሰሌዳውን ያጠፋ ጀመር፤ የተጻፈ ነገር ግን አልነበረበትም። ቆይቶ፣ ዞር ሳይል፣ «ሲሳይ፣ ዛሬ ወደ ቤት ሂድ» አለኝ። በቁጣ አልነበረም። በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ስወጣ ታድሎ «ታዲያ ማን አሸነፈ?» ሲል ሰማሁት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18

ገበያ። እማዬ ጎመን፣ በርበሬ፣ ለጠላው ጌሾ ገዛች። ጾም ስለሆነ ተዝካሩ ሽሮና ምስር ነው፤ በግ የለም። አንቺም በግ አትወጂም ነበር።

ናፍጣ ሻጩን አየሁት። ከእህል ተራው ጀርባ ቆሞ ሸንኮራ ይልጣል። እጄ ጎመኑን ጨመቀው።

ስለዚያ ቀን እስከ ዛሬ አልጻፍሁም። ኅዳር 10 ጠዋት ሆድሽን ይዘሽ ስትታጠፊ እዚህ ያለው ሆስፒታል ወልዲያ ውሰዷት አለን፤ አምቡላንሱ ግን ቀድሞ ወልዲያ ወርዷል አሉ። ሹፌሩ ጎረቤታችን ሚኒባሱን አቀረበልን፤ ነዳጅ የለውም። ማደያው የሚሸጠው በስልክ ክፍያ ብቻ ነው፤ ነዳጅ ግን አልቆበታል። ይሄ ሰውዬ በጀሪካን ነዳጅ አለው፤ የሚሸጠው ግን በጥሬ ብር ብቻ ነው። አንቺ በወረቀት ለሚለውጥልን ሰው ልትልኪ ስልክሽን አንሥተሽ በጣትሽ ከፈትሽው፤ ኔትወርክ የለም። ቆርቆሮውን ይዤ ሮጥሁ። ክዳኑን ከፈትሁለት። አየና ሳቀ።

«ይሄን ማን ይቆጥራል? የቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት መሰልሁህ?»

«በሚዛን ይውሰዱት ጋሼ፣ እህቴ ታማለች።»

«ወረቀት ይዘህ ና።»

ሹፌሩ ከቤት ቤት ዞሮ ወረቀት ብር ሲለቅም ፀሐይዋ ከተራራው ወጥታ አናታችን ላይ ደረሰች። ጋሸና ሳንደርስ መኪናው ውስጥ ዝም አልሽ። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ፣ «ቀደም ብላችሁ ብትመጡም…» አለችና አልጨረሰችውም። እኔም እንድትጨርሰው አልጠየቅኋት። ብትጨርሰው ያንን ሰውዬ መጥላት ይቀርብኝ ይሆን ነበር፤ ወይም ደግሞ ይብስብኝ።

ዛሬ ሸንኮራውን ነክሶ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም አለኝ። ለተዝካሩ በሹፌሩ አፍ ተጠርቷል። ነገ ይመጣል።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19

አርባሽ ወጣ። ካህናቱ ፍትሐት አድርሰው፣ ቅዳሴ ወጥቶ፣ ሰው ግቢውን ሞላው። እማሆይ ወለተ ኪዳን ከአምስት የኔ ቢጤዎች ጋር መጥተው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። እማዬ ጠላ ስትቀዳላቸው ከቋጠሯቸው እፍኝ ሳንቲም አውጥተው እጇ ላይ አደረጉ። «የኔ ስልክ ባትሪ ጨርሷል» አሉ። የእማዬ ጥርስ ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ።

ናፍጣ ሻጩ መጣ። ሁለት ጊዜ ሽሮ አስጨመረ። ሁለቱንም ጊዜ ያቀረብሁለት እኔ ነኝ። ከዚያ እጁን ታጠበ፣ ስልኩን አወጣ፣ ነካ ነካ አደረገ። ውስጥ፣ መደርደሪያው ላይ፣ ስልክሽ ጮኸ።

«ልኬላችኋለሁ እናቴ። እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አለ።

«እግዜር ይስጥልን» አለች እማዬ።

ወደ ውስጥ ገባሁ። ስልክሽን ላጠፋው ነበር የገባሁት። ቆርቆሮውን ይዤ ወጣሁ። ትሪውን ገፋ አድርጌ ፊቱ አስቀመጥሁለት፤ መሬቱ ድም አለ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ይሄን ማን ይቆጥራል ብለውኝ ነበር። ዛሬ ጊዜ አለን።»

አባዬ «ሲሳይ!» አለ። ድምፁ ያስፈራል፤ ግን አልተነሣም።

«ምን ማለትህ ነው ልጄ?» አለ ሰውዬው።

«ይቁጠሩልኝና የሚሆነውን ያህል ለእትዬ ዘውዴ በስልክ ይላኩላቸው። ኪራይ ነው። በስልክ መላክ እንደሚችሉ አሁን አየን።»

ዙሪያውን አየ። የሚያግዘው ፊት አላገኘም። ሹፌሩ መሬት መሬት ያያል፤ ያን ቀን ከቤት ቤት የዞረው እሱ ነው። እማሆይ ከበሩ ጮኹ፦ «ቁጠር እንጂ ልጄ፣ ምን ትፈራለህ? ሳንቲም አይናከስም!»

ቆጠረ። ኮቱን አውልቆ ቆጠረ። አሥር አሥር እያደረገ ትሪው ላይ ይደረድራል፤ ሲሳሳት እማሆይ «ያችን ዘለልሃት» ይሉታል። ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። ማንም አልሄደም። የሁለት ወር ኪራይ ሞላና እፍኝ ያህል ተረፈ። ላከ። የእትዬ ዘውዴ ስልክ በጉያቸው ውስጥ አቃሰተ፤ አውጥተው አዩት፣ ዓይናቸውን አጥብበው እንደገና አዩት፣ «ገብቷል» አሉ። ከዚያ ጠላቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ሄዱ።

«ሳንቲሙ ለእናንተ ይቅር» አለ ሰውዬው ኮቱን እየለበሰ።

«አይሆንም። ይያዙት። ምጽዋት አልጠየቅንም።»

ቆርቆሮውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቁልቁለቱን ወረደ። በየእርምጃው ይንሿሿል። «እንደ ከብት ደወል ታሰረለት፣ ከእንግዲህ አይጠፋብንም» አሉ እማሆይ። ሰው ሳቀ፤ ተዝካር ላይ።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ላቡን ሳይ ግን አልሆነልኝም። ቅድም ያጎነበሰበትን ቦታ አየሁት። አንድ ተራ ሰው ነው፤ ፀጉሩ መሃል ላይ ሳስቷል። ያን ቀንም እንዲሁ ተራ ሰው ነበር። ይሄ ነው ያስጠላኝ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20

አባዬ ከትናንት ጀምሮ አላናገረኝም። ጠዋት ዕቃውን አሰረ። የእኔን አላሰረም። እኔም የእማዬን ዕቃ ተሸክሜላት መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው።

ወደ ፍላቂት የሚሄደው ሚኒባስ አጠገብ ቆመን እያለ ተናገረ።

«ተዝካር ላይ እንግዳ ማዋረድ ነውር ነው።»

«አዎ አባዬ።»

«እህትህ አታደርገውም ነበር።»

«አዎ።»

የጫማውን አቧራ አራገፈ። «እኔ ግን ያን ቀን ብኖር በጀሪካኑ እመታው ነበር» አለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ኪራዩ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው የሚያቆይህ። ከዚያስ?»

«በእቴ ቦታ እቀመጣለሁ። ጠዋት ከትምህርት በፊት፣ ማታ ከትምህርት በኋላ። ተሳላሚው እየመጣ ነው፤ ዝርዝር የለም።»

«በምን ትጀምራለህ? ሳንቲሙን ለሰውዬው አሸከምኸው።»

ይሄን አላሰብሁም ነበር። እፍኝ ሳንቲም ብቻ ቀርቶኛል። እማዬ መቀነቷን ፈታች። ከውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት ብር አወጣች፤ ለስላሳ፣ ቅቤ ቅቤ የሚሸት። የእንቁላልና የዶሮ ገንዘብ ነው፤ ሰው ሁሉ ወደ ስልክ ሲያስገባ እሷ ወገቧ ላይ ያሰረችው። ግማሹን ሰጠችኝ። ረዳቱ ለመሳፈሪያው «እማማ፣ በስልክም ይቻላል» ሲላት፣ «ኧረ ልጄ፣ በእጄ ያልያዝሁትን ከፈልሁ ብዬ አልዋሽም» አለችው።

አባዬ ከመስኮቱ ብቅ አለ። «ጥምቀት ሲያልፍ መጥቼ አያለሁ።» አያለሁ ነው ያለው። እሺ አላለም፣ እምቢም አላለም።

ስልክሽ እኔ ዘንድ ነው፤ አባዬ ከውቂያው በኋላ ለወራሽነቱ ምስክር ይዞ እስኪመጣ። አጠፋሁት። ማንም ቢልክ እኔ አልሰማም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

ዛሬ ብቻዬን ነቃሁ። ክፍሉ ሰፋብኝ። የእማዬን የተረፈ ዳቦ ቆርሼ በላሁ፤ ግማሹን ላንቺ ማስቀመጤን ያወቅሁት ሰፌዱን ስሸፍን ነው። ያንንም በላሁት።

ቦርሳዬን አንግቼ፣ የእማዬን ብርና እፍኝ ሳንቲሙን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ወረድሁ። ውሻው ድንጋይሽ ላይ ተኝቷል። ተነሥ አልሁት፤ ሲያንጎራጉር ቆይቶ ተነሣ። ድንጋይዋ በሱ ሙቀት ሞቃለች። ተቀመጥሁባት። አንቺ «ዝርዝር! ጧፍ! ዝርዝር!» የምትይውን ልል አፌን ከፈትሁ፤ ድምፅ አልወጣም። የሚያውቁኝ ልጆች ያልፋሉ። ታድሎም አለፈ፤ አየኝና፣ ምን እንደሚል ጠፍቶት፣ «በርታ» ብሎኝ ሄደ።

እማሆይ መጀመሪያ መጡ። ቋጠሯቸውን ፈትተው ጭኔ ላይ ዘረገፉት። ቆጠርሁ፣ በወረቀት ሰጠኋቸው።

«ጎደለ» አሉ። «እህትህ ለመቶው አምስት ትጨምርልኝ ነበር።»

«ይሄ ውሸት ነው እማሆይ።»

«ውሸት ነው» አሉ ብሩን ወደ ደረታቸው እየከተቱ። «መሞከርም ኃጢአት ሆነ?»

ሌሎቹም ተሰለፉ። ዓይነ ስውሩ፣ ያ ብሩን አፉ ውስጥ የከተተው፣ የእኔን ወረቀት በጣቱ ዳሰሰና አሸተተው። ቅቤ ይሸታል አለ፤ ሳቀ። የእማዬ ብር አለቀ፤ ቦርሳዬ ከደብተሩ ይልቅ በሳንቲም ከበደ። ዝርዝር የሚፈልግ ካልመጣ እንግዲህ እኔም እንደ እማሆይ ብረት ታቅፌ ልውል ነው አልሁ በሆዴ።

ከዚያ ከታች፣ ከመንገዱ፣ እግራቸው አቧራ የለበሰ ተሳላሚዎች ብቅ አሉ። በእግራቸው ነው የመጡት። ከፊት ያሉት ሽማግሌ የታጠፈ ሁለት መቶ ብር ወደ ላይ አንሥተው፣ ማንን እንደሚጠይቁ ሳያውቁ፣ ለአየሩ፣ «ዝርዝር ያለው ማነው?» አሉ።

«እኔ ጋ አለ አባቴ» አልሁ። ጮክ ብዬ ነው ያልሁት። ራሴን አስደነገጥሁት።

የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ሽማግሌው ገና መዳፋቸውን ዘርግተው ነበር። አላቋረጥሁም። ቆጥሬ ጨረስሁላቸውና ሮጥሁ።